ለቆርኪ ማን ይሞታል? ለታሪካዊ የጠረጴዛ ጦርነት የግብ ምልክት አሠራር

መጀመሪያ የተጠቀምኩበት የግብ ምልክት ቆርኪ ነበር። አዎ፣ የለስላሳ ጠርሙስ ቆርኪ። ሦስቱን ጠረጴዛው ላይ ጣል ጣል አደረግኳቸው። ሁለት ወር ሙሉ ቀለም ስቀባቸው የከረምኩት ወታደሮቼ አጥር ዘለው፣ ጥይት አልፈው፣ ሄደው ቆርኪ ከበቡ። የዘወትር ተጋጣሚዬ ዳይሱን በእጁ እያንቀጫቀጨ ትንሽ ዝም ብሎ አየና «እኔ የምልህ፣ እነዚህ ሰዎች የሚያልቁት ለዚች ቆርኪ ነው?» አለኝ።

ሳቅን። ግን ነገሩ ከነከነኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ቆርኪ ጠረጴዛዬ ላይ አልወጣም። እንዲያውም ምልክት መሥራት ወታደር ከመቀባት በላይ የምወደው ሥራ ሆነ። አንድ ምልክት በሁለትና ሦስት ምሽት ያልቃል። ስልሳ ወታደር ግን ዓመቱን ይበላል።

ለአዲስ ሰው በአጭሩ ልንገር። በታሪካዊ የጠረጴዛ ጦርነት ሁለት ሰዎች ትንንሽ ወታደሮችን በሜትር እየለኩ ያንቀሳቅሳሉ፣ ዳይስ እየጣሉ ይዋጋሉ። ብዙ ጊዜ የሚያሸንፈው ብዙ የገደለ አይደለም። ጠረጴዛው ላይ የተወሰኑ ቦታዎችን ይዞ የተገኘ ነው። ቦታውን የሚያሳየው ዕቃ ነው እንግዲህ ተጫዋቾች ኦብጀክቲቭ የሚሉት። እኔ የግብ ምልክት እለዋለሁ። ማንኛውም ነገር ምልክት መሆን ይችላል፤ ሳንቲምም ይሆናል። እኔ የምሟገተው ምልክቱ ወታደሩ ለምን ወደዚያ እንደሚሮጥ ሊነግረን ይገባል ብዬ ነው። ተጋጣሚያችሁ ሕጉን ሳይጠይቅ ምልክቱን አይቶ «አሃ፣ ለዚህ ነው» ካለ፣ ተሳክቶላችኋል።

ከኮላው በፊት ሜትሩ

አንድ ጊዜ ጠርዙ ወጣ ገባ ባለ የዛፍ ቅርፊት ላይ ምልክት ሠራሁ። ሲያዩት ያምራል። ሲጫወቱበት ግን መከራ ነው። ርቀቱ ከየት ይለካ? ከቅርፊቱ ጫፍ? ከመሃሉ? ለሩብ ኢንች አንድ ሩብ ሰዓት ተጨቃጨቅን። ስለዚህ ቆንጆውን ነገር ከማሰባችሁ በፊት የምትጫወቱበትን ሕግ ክፈቱ።

ቦልት አክሽን በሚባለው የጨዋታ ሕግ ግብ ያዝኩ ለማለት ዙሩ ሲያልቅ ከምልክቱ 3 ኢንች ውስጥ የእናንተ ወታደር መኖር አለበት፤ የጠላት ደግሞ መኖር የለበትም። በፍሌምስ ኦፍ ዋር ርቀቱ 4 ኢንች ነው። በቼይን ኦፍ ኮማንድ ምልክቱ ሌላም ሥራ አለው። ወታደሮቻችሁ ወደ ጠረጴዛው ብቅ የሚሉት በእሱ ዙሪያ ነው። መደበኛ ወታደር ከምልክቱ 6 ኢንች ውስጥ ይወጣል፣ ምርጡ 9፣ ጀማሪው 4። በሁሉም ዘንድ የሚለካ ነገር ስለሆነ ምልክቱ ንጹሕ ክብ ቢሆን ይሻላል።

እኔ ለ28 ሚሊሜትር ወታደሮች 50 ሚሊሜትር ስፋት ያለው የኤምዲኤፍ (የተጨመቀ የእንጨት ዱቄት ሰሌዳ) ክብ መቆሚያ እጠቀማለሁ። ለ15 ሚሊሜትር 30 ይበቃል። ዋናው ነገር የአንድ ጨዋታ ምልክቶች ሁሉ እኩል መሆናቸው ነው። አንዱ 40 ሌላው 60 ከሆነ፣ ከጠርዝ ስትለኩ ትልቁ በየአቅጣጫው 10 ሚሊሜትር ቀድሞ ይያዛል። ትንሽ ይመስላል። በመጨረሻው ዙር ግን ጓደኝነት ያበላሻል።

ቁመቱስ? 28 ሚሊሜትር የሚባለው ወታደር ከእግሩ እስከ ዓይኑ ወደ 28 ነው። ምልክቱ ከደረቱ ባይበልጥ ጥሩ ነው፤ ማለትም ከ20 እስከ 22 ሚሊሜትር። ከዚያ በላይ ሲሆን «ከኋላው ተደብቄያለሁ» የሚል ይመጣል። ከጨዋታው በፊት «ይሄ ምልክት ከለላ አይሰጥም፣ ዓይንም አይጋርድም» ብላችሁ ተስማሙና ተገላገሉ።

ወታደሩ ምን ፈልጎ ነው?

አሁን የምወደው ክፍል ላይ ደረስን። ሰዎች ስለ ጭብጥ ሲያስቡ ቶሎ የሚመጣላቸው ባንዲራ ነው። ባንዲራ መጥፎ አይደለም። ሮማውያን እ.ኤ.አ. በ9 ዓ.ም. በቴውቶቡርግ ጫካ ሦስት ሌጌዎን (ትልልቅ ክፍለ ጦር) ሲያልቅባቸው የንስር ዓርማዎቻቸውም አብረው ተማረኩ፤ እነሱን ለማስመለስ ዓመታት ፈጅቷል። ግን ሁሉም ሰው ባንዲራ ይሠራል። ታሪኩን ትንሽ ጠለቅ ብላችሁ ብታዩት ሰው የተዋደቀለት ነገር ብዙ ጊዜ ውሃ፣ ጥይት፣ ወረቀት ወይም ዘረፋ ነው።

ወረቀት ስል አንድ ውርደቴ ትዝ አለኝ። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ፣ ሴፕቴምበር 13 ቀን 1862፣ የሰሜን ወታደሮች ሜሪላንድ ውስጥ ሜዳ ላይ ሊያርፉ ቁጭ እንዳሉ አንድ ፖስታ ያገኛሉ። ውስጡ በወረቀት የተጠቀለሉ ሦስት ሲጋሮች። ወረቀቱ የጄኔራል ሊ 191ኛ ልዩ ትእዛዝ ነበር፤ የደቡቡ ጦር እንዴት ተከፋፍሎ እንደሚጓዝ የሚናገር። ከአራት ቀን በኋላ የአንቲታም ጦርነት ተደረገ። ከዚህ የበለጠ ምልክት የት ይገኛል ብዬ ሦስት ሲጋር ሠራሁ። እያንዳንዱ በ28 ሚሊሜትር መጠን ሁለት ሚሊሜትር ርዝመት። በመርፌ ጫፍ ቀባኋቸው። ጨዋታው ሲጀመር ተጋጣሚዬ የዳቦ ፍርፋሪ መስሎት እፍ አለበት።

የተማርኩት ይህ ነው፦ ትንሿን ነገር ትልቅ ነገር ይሸከማት። ሁለተኛው ሙከራዬ ላይ አንድ የተሰበረ የእንጨት አጥር አለ፣ የተጠቀለለ ብርድ ልብስ አለ፣ የወታደር ሻንጣ አለ። ፖስታው ሻንጣው ላይ ተቀምጧል፤ ከእውነተኛው መጠን ሦስት እጥፍ ነው። ማንም «ፖስታው በዛ» ብሎኝ አያውቅም። ከአንድ ሜትር ርቀት የሚታይ ነገር መጠኑ ትክክል ባይሆንም ይሠራል። የማይታይ ነገር ግን መጠኑ ትክክል ቢሆንም ዋጋ የለውም።

ወረቀት የምትወዱ ከሆነ የኔዝቢ ጦርነትም አለላችሁ። ጁን 14 ቀን 1645 የእንግሊዝ ንጉሥ ቀዳማዊ ቻርልስ ጦርነቱን ብቻ አይደለም ያጣው፤ የግል ደብዳቤዎቹ የተቀመጡበት ሣጥንም በጠላቱ በፓርላማው ጦር እጅ ወደቀ። ደብዳቤዎቹ ታትመው አገር አነበባቸው። ለዚህ ጨዋታ ሦስት አንድ ዓይነት ሣጥን ሠራሁ። ከአንዱ መቆሚያ ሥር «ደብዳቤ» ብዬ ጻፍኩ፣ ከሁለቱ ሥር «ሸሚዝ»። ሣጥኑን የያዘው ሰው ብቻ ገልብጦ ያያል። ተጋጣሚዬ ግማሽ ፈረሰኛውን ለንጉሡ ሸሚዝ ያስጨረሰበት ቀን እስከ ዛሬ ይነሳበታል።

ዘረፋ ደግሞ ሳቅ አለው። ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1429 በሩቭሬ፣ ኦርሊያንን ለከበበው የእንግሊዝ ጦር ስንቅ የጫነ የጋሪ ቅፍለት በፈረንሳዮችና በስኮቶች ተጠቃ። እንግሊዞቹ ጋሪዎቹን አጥር አድርገው ተከላከሉ። ጭነቱ አብዛኛው በበርሜል የታሸገ ጨው የነካው ዓሣ ስለነበር ውጊያው እስከ ዛሬ «የሄሪንግ ጦርነት» ይባላል። ሁለት የእንጨት በርሜል፣ አንዱ የተከፈተ፣ ከውስጡ ብርማ ዓሣ የፈሰሰ። ይኸው ምልክት። ከዚህም የባሰ አለ። ጁን 21 ቀን 1813 በስፔን ቪቶሪያ የናፖሊዮን ወንድም ጆሴፍ ሲሸሽ ጓዙ ተማረከ። 14ኛ ቀላል ድራጎኖች የሚባሉት የእንግሊዝ ፈረሰኞች ከጋሪው የብር ፖፖውን ወሰዱ። ሬጅመንቱ «ንጉሠ ነገሥቱ» ብሎ ስም አወጣለትና አቆየው። እኔም ከግማሽ ዶቃ ሠራሁት፣ ቀይ ትራስ ላይ አስቀመጥኩት። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያነሳው እሱን ነው።

ውሃ ግን ከሁሉም የከበደ ነው። በ1888 ዓ.ም. መቀሌ፣ እንዳ ኢየሱስ ምሽግ ውስጥ የነበረው የጣሊያኑ ሻለቃ ጋሊያኖ ጦር የወጣው ምሽጉ ተሰብሮ አይደለም። እቴጌ ጣይቱ ውሃ የሚቀዳበትን ምንጭ አስይዘው ነው። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ግቡን ምሽጉ ላይ ካስቀመጣችሁ ታሪኩ አመለጣችሁ። ግቡ ከምሽጉ ውጪ ያለችው ትንሽ ምንጭ ናት። አሠራሯም ቀላል ነው፦ መቆሚያው ላይ ጥቂት ጠጠር በክብ ደርድሩ፣ መሃሉን ጥቁር አረንጓዴ ቀቡ፣ ከዚያ ባለ ሁለት ቱቦ ኢፖክሲ ማጣበቂያ ደባልቃችሁ አፍስሱበት። ፈጣኑ ዓይነት በደቂቃዎች ይደርቃል፤ የቆመ ውሃ ይመስላል። ነጭ ኮላ ለዚህ አይሆንም፤ በወፍራሙ ሲደርቅ ይደፈርሳል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ዘመን አታምታቱ። በናፖሊዮን ዘመን ጠረጴዛ ላይ የብረት ነዳጅ በርሜል ያየሁበት ቀን ራት አልበላሁም፤ ያ በርሜል የ20ኛው ክፍለ ዘመን ዕቃ ነው። እሾሃማ ሽቦ በደንብ የተስፋፋው እ.ኤ.አ. ከ1874ቱ የግሊደን ፓተንት በኋላ ነው። የቆርቆሮ ምግብም ፓተንት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1810 ነው። ስትጠራጠሩ እንጨት፣ ገመድ፣ ጆንያና ሸክላ ተጠቀሙ። ከሮም እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማንም አይከሳችሁም።

አንዱን አብረን እንሥራ፦ ላ ሄ ሳንት

ዋተርሉ፣ ጁን 18 ቀን 1815። ላ ሄ ሳንት የምትባለው የእርሻ ግቢ ከእንግሊዝ ወገን መስመር መሃል ፊት ለፊት ናት። የሚከላከሏት የሻለቃ ባሪንግ ሰዎች ናቸው፤ በእንግሊዝ ጦር ሥር የሚዋጉ፣ አረንጓዴ የለበሱ፣ ባለ ራይፍል ጀርመኖች። ቀኑን ሙሉ ያዟት። ባሪንግ ጥይት ላኩልኝ እያለ ደጋግሞ ላከ። አልመጣም። ለምን እንዳልመጣ እስካሁን ይከራከሩበታል። ወደ ማምሻው ጥይታቸው አለቀና ግቢዋ በፈረንሳዮች እጅ ገባች። ሌላም አለ። የዋዜማው ሌሊት ኃይለኛ ዝናብ ነበር፤ በብርድ የተቆራመዱት ወታደሮች የጎተራውን ትልቅ በር ነቅለው አነደዱት። በማግስቱ ያ በር የሌለው ክፍተት ዋናው መጠቂያ ሆነ።

ስለዚህ ምልክታችን ሦስት ነገር ይናገራል፦ የተቃጠለ በር፣ ባዶ የጥይት ሣጥን፣ ጭቃ።

ኤምዲኤፉን መጀመሪያ ከላይም ከታችም ቀለም ቀቡት። ካልቀባችሁት ኮላው ውስጥ ያለው ውሃ አንድ ወገን ብቻ ያሳብጥና እንደ ቺፕስ ይጎብጣል። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ትንሽ አጋድሙት።

ለግድግዳው ድፍን ፎም ያስፈልጋል። ዕቃ ሲገዛ ካርቶን ውስጥ የሚመጣው ነጭ፣ ፍሬ ፍሬ የሚለው አይሆንም፤ ሲቆረጥ ይበተናል። ለቤት ሙቀት መከላከያ የሚሸጠው ጠንካራና ለስላሳው ነው የሚሻለው። 30 ሚሊሜትር ስፋት፣ 22 ቁመት፣ 8 ውፍረት ያለው ቁራጭ ቁረጡ። ከተሩ አዲስ ምላጭ ይኑረው፤ የደነዘዘ ምላጭ ፎም ይበጫጭቃል፣ ጣትም የሚቆርጠው እሱ ነው። አንዱን ጎን ደረጃ ደረጃ አድርጋችሁ ስበሩት፣ የበሩ መቃን የነበረበት እንዲመስል። ልስኑ በተላጠበት ቦታ ብቻ በሹል እርሳስ የጡብ መስመር አስምሩ። ግድግዳውን ሙሉ ጡብ አታድርጉት፤ የላ ሄ ሳንት ግድግዳ በነጭ የተቀባ ነው። የተጨማደደ ፎይል አንከባሉበትና ገጹ ሻካራ ይሁን።

ከዚያ ነጭ ኮላና ጥቁር ቀለም ቀላቅላችሁ ፎሙን በደንብ ሸፍኑት። ይህን አትዝለሉ። እኔ ዘልዬው አውቃለሁ። በስፕሬይ ልቀባው ብዬ አንዴ ነፋሁበት፤ ግድግዳዬ ዓይኔ እያየ እንደ ቅቤ ቀለጠ። ስፕሬዩ ውስጥ ያለው ማሟሟያ ፎም ይበላል። ሱፐር ግሉም እንዲሁ ነው፤ ለፎም ነጭ ኮላ ብቻ።

ለበሩ ምን ልጠቀም ብዬ ብዙ ተጨነቅሁ። መጨረሻ ላይ መልሱ ከክብሪት ቀፎው ወጣ። ክብሪት ጭራችሁ እስከ ግማሽ ይንደድ፣ አጥፉት። ስድስት ሰባት ያህል አዘጋጁ። የተቃጠለ እንጨት ለመምሰል ቀለም አያስፈልገውም፤ የተቃጠለ እንጨት ነዋ። ችግሩ በእጅ ሲነካ ይፈረፍራል። ቀጭን ሱፐር ግሉ ጠብ አድርጉበት፤ ከሰሉ ጠጥቶት ይደነድናል። ሲደርቅ ይጨሳልና መስኮት ክፈቱ። ሁለቱን መቃኑ ላይ በኮላ አስጠጉ፣ የቀሩትን መሬት ላይ እንደ ጠፋ እሳት አነባብሯቸው።

የጥይት ሣጥኑን ከወፍራም ካርቶን አጥፋችሁ ሥሩ፦ ርዝመቱ 12፣ ወርዱ 7፣ ቁመቱ 6 ሚሊሜትር። ክዳኑ የተከፈተ ይሁን፤ ይህ የነገሩ ሁሉ እምብርት ነው። ውስጡን ጥቁር ቀቡና ባዶ ተዉት። በዚያ ዘመን ባሩዱና ጥይቱ አንድ ላይ በወረቀት ይጠቀለል ነበር፤ ወታደሩ በጥርሱ ቀዶ ጠመንጃውን ያጎርሳል፣ ይተኩሳል። እና ከሶፍት ላይ ኢምንት ቁራጮች ቀዳችሁ በቀጠነ ኮላ ሣጥኑ ዙሪያ በትኗቸው። የተቀደደ የጥይት ወረቀት ነው። ከትርፍ የወታደር ክፍሎች አንድ ራይፍልና አንድ ቆብ ካላችሁ ጣል አድርጉ። የወደቀ ሰው አትጨምሩ። በየዙሩ ሰው እዚያ ሲወድቅ የትኛው ምልክት፣ የትኛው ሟች እንደሆነ ይጠፋችኋል።

መሬቱ ላይ ኮላ ቀብታችሁ ደቃቅ አሸዋ ነስንሱ። ሌሊቱን ይደር።

ቀለሙ

ስለ ቀለም ብዙ ተጽፏልና አልደጋግምም። ጥቁር ቡናማ መነሻ፣ በላዩ ዋናው ቀለም፣ ከዚያ በውሃ በጣም የቀጠነ ጥቁር ቡናማ ስንጥቅ ስንጥቁ ውስጥ ይግባ፣ ሲደርቅ በደረቅ ብሩሽ ከፍ ከፍ ያለውን ብቻ ነካ ነካ። ደረቅ ብሩሽ ማለት ቀለሙ ወረቀት ላይ ተጠርጎ ሊያልቅ ሲል ማለት ነው። አብዛኛው ጀማሪ ቀለሙ ሳያልቅ ይጀምራል።

ለነጩ ግድግዳ ንጹሕ ነጭ አትጠቀሙ። ትንሽ ቢጫ ቡናማ ጣል ያለበት የቆሸሸ ነጭ ነው የሚሆነው። ከበሩ መቃን ወደ ላይ የጥላሸት ምልክት በደረቅ ብሩሽ ሳቡ። ጭቃው ጠቆር ያለ ቡናማ ይሁን፤ ረግረጉ ላይ ብቻ መጨረሻ ላይ የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ ጠብ አድርጉ። ሌላው ሁሉ ማት (የማያብረቀርቅ) ይሁን።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እላለሁ። በእያንዳንዱ ምልክት ላይ ዓይን የሚጠራ አንድ ቦታ ይኑር። አንድ ብቻ። እዚህ ነጩ የጥይት ወረቀት ከጥቁሩ ሣጥን አጠገብ ነው። በፖፖው ላይ ቀዩ ትራስ ነው። ጠረጴዛችን ሁሉ አረንጓዴና ቡናማ ነው፤ ምልክታችሁም አረንጓዴና ቡናማ ብቻ ከሆነ ቁጥቋጦ ይመስላል። ቁጥቋጦ የመሰለ ምልክት ሠርቼ ሁለታችንም ረስተነው ጨዋታው አልቋል።

ቫርኒሹን በእርጥብ ቀን አትንፉ። እኔ ዝናብ ባለበት ቀን ነፍቼ አምስት ምልክቶች በረዶ የወረደባቸው መስለው ነጡ። ለክረምቱ የሩሲያ ግንባር እንደሠራኋቸው አስመስዬ ለአንድ ጨዋታ አለፍኩ። ከዚያ መልሼ ቀባሁ።

ቶሎ ለሚፈልግ፦ ጀሪካን

ለሰሜን አፍሪካ በረሃ ጨዋታ ከጀሪካን የተሻለ የለም። ባለ ሦስት እጀታዋን 20 ሊትር ጀሪካን ያወጡት ጀርመኖች ናቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ። ሦስት እጀታ የሆነችው በምክንያት ነው፤ አንድ ሰው መሃሉን ይይዛል፣ ሁለት ሰው ደግሞ የዳርና የዳሩን። እንግሊዞች የነበራቸው ስስ ቆርቆሮ እየፈሰሰ ነዳጅ ሲያባክንባቸው የተማረኩትን ይሻሙ ነበር፤ ኋላም ቀዱት። ጀርመኖች የውሃ የሆነችው እንድትለይ ትልቅ ነጭ መስቀል ይቀቡባት ነበር። ይኸው ዓይን የሚጠራው ቦታ ተዘጋጅቶ ጠበቃችሁ።

መጠኑን ለማግኘት ሒሳቡ ቀላል ነው። 28 ሚሊሜትር ወደ 1 ለ56 ይጠጋል። የእውነተኛውን ዕቃ መጠን በሚሊሜትር አድርጉና ለ56 አካፍሉ። ጀሪካን ቁመቷ ወደ 470 ሚሊሜትር ነው፤ ለ56 ሲካፈል ከ8 ትንሽ ይበልጣል። ወርዷ 6፣ ውፍረቷ 3። ስለዚህ 3 ሚሊሜትር ውፍረት ካለው የእንጨት ቁራጭ 6 በ8 እየቆረጣችሁ፣ ጎኗ ላይ በከተሩ ጀርባ ኤክስ አስምሩ፤ ከላይ ሦስት አጫጭር ሽቦ። ለ15 ሚሊሜትር ወታደሮች ለ100 አካፍሉ። አራት ጀሪካን ደርድሩ፣ አንዷን አጋድሟት፣ አሸዋ ላይ ጠቆር ያለ እርጥብ ቦታ ቀቡ። በአንድ ምሽት አለቀ።

ማን ያዘው?

ምልክቱ ቢያምርም በሦስተኛው ዙር «ይሄን የያዝኩት እኔ ነኝ፣ አይደለህም» መባሉ አይቀርም። ስለዚህ በየመቆሚያው ጠርዝ 3 ሚሊሜትር ጉድጓድ ቦርቡሬ ትንሽ ማግኔት እቀብራለሁ። በስቴኪኒ ላይ ትንንሽ ባንዲራ ሠርቼ እግራቸው ላይ ሌላ ማግኔት አደርጋለሁ። የያዘው ሰው ባንዲራውን ይተክላል። ማግኔቱን ከማጣበቃችሁ በፊት አቅጣጫውን በማርከር ምልክት አድርጉበት። እኔ ሳላደርግ ቀረሁና የአንዱ ወገን ባንዲራዎች በጠላት ቦታ ላይ እንቢ ብለው ይዘሉ ጀመር። ተጋጣሚዬ ባንዲራዎቹ ከአንተ የተሻለ አገር ወዳድ ናቸው አለኝ።

ስንት ምልክት ልሥራ ለሚለው፣ ለአንድ ዘመን አምስት ይበቃል። ብዙ ጨዋታ ሦስት ይፈልጋል፣ አንዳንዱ አምስት። ቅርጻቸው ይለያይ፦ አንዱ ረዘም፣ አንዱ ጠፍጣፋ፣ አንዱ ክምር። «የግራው ምልክት» ከማለት «ምንጩ»፣ «ሣጥኑ»፣ «ፖፖው» ማለት ይቀላል። ተዘጋጅተው የሚሸጡ የሬዚን ምልክቶችም አሉ፤ መግዛት ነውር የለውም። እኔ ግን ቢያንስ አንድ ነገር ከራሴ ሳልጨምር ጠረጴዛ ላይ አላወጣቸውም።

መጨረሻ ላይ ከእያንዳንዱ መቆሚያ ሥር አንድ የብረት ሮንዴላ አጣብቁ። ፎምና ካርቶን ቀላል ነው፤ የሸሚዝ እጅጌ ነክቶት ይሄዳል። ሮንዴላው ክብደት ይሰጠዋል፣ ማግኔት ባለበት ሣጥን ውስጥም ሳይንሸራተት ይቀመጣል። በላዩ ስስ ጨርቅ ለጥፉ፣ የተጋጣሚያችሁን ቀለም የተቀባ ጠረጴዛ እንዳይጭር።

ላ ሄ ሳንትን የሠራሁበት ሳምንት ተጋጣሚዬ አነሳው፣ አገላብጦ አየው፣ ጣቱን ወደ ባዶው ሣጥን አስገብቶ «ውስጡ ምንም የለም እኮ» አለ። የለም አልኩት። ዳይሱን አነሳ። ቆርኪዎቹ አሁን ቀለም መደባለቂያ ናቸው።